በጋራ ግድግዳ ላይ ስለሚሠራ ቤት

ሰው ቤተ ሰቡ ሲበዛ፣ ወይም አንዲት ክፍል ጨምሮ በኪራይዋ ኑሮውን ለመደጎም ሲያስብ፣ ቤቱን ለማስፋት ቢነሣ ከመብቱ ወጣ አይባልም፤ ነገር ግን ቤቱ ከጎረቤቱ ቤት ጋራ በአንድ ግድግዳ የተያያዘ እንደ ሆነ፣ መዶሻው የሚያርፍበት ግንብ እኩሌታው የባልንጀራው ነውና፣ አስቀድሞ ፈቃዱን መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ይህን የሚክድ የለም። እኔ ልናገርበት የወደድሁት ፈቃዱ ስለሚጠየቅበት ሥርዐት ነው፤ በእኛ ከተማ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው በአፍ፣ ያውም አሸዋውና ብሎኬቱ ደጃፍ ላይ ከተራገፈ በኋላ፣ ሰውየው እንቢ ለማለት በሚያፍርበት ሰዓት ነውና።

በአዲስ አበባ የቀድሞ ሰፈሮች ነገሩን ይበልጥ ያወሳሰበው፣ በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ሁሉ የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ የአንድ ባለቤት የነበረው ግቢ በየስፍራው ለብዙ አባወራ ተደልድሎ፣ ዋናው ቤት ለአንዱ፣ ሰርቪሱ ለሌላው መድረሱ ነው። ስለዚህ ጎረቤት የቀበሌ ቤት ተከራይ ከሆነ የእርሱ እሺታ ብቻውን አይበቃም፤ ቤቱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤትም ሊጠየቅ ይገባል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1225 ባለሀብት በሀብቱ ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳይጎዳና እንዳያውክ፣ ጢስንና ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ጩኸትንና ንውጽውጽታን ከመልካም ጉርብትና ልክ አሳልፎ እንዳያደርስበት ይከለክለዋል፤ በአንቀጽ 1682 ደግሞ ስለ ውል ሲደነግግ፣ ዝም ማለት በመሠረቱ እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል። ልማዳችን ግን ከዚህ ይርቃል፤ ሲቆፈር እያየ ዝም ያለውን ሰው፣ ግድግዳው በተሰነጠቀ ጊዜ «አንተ እያየህ አልነበረምን?» ብለን የምናፋጥጠው እኛው ነን።

በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የጋራ ግድግዳ ሕግ ይህን በር ዘግቶታል። የጋራውን ግድግዳ ሊቈርጥ፣ ከፍ ሊያደርግ ወይም አፍርሶ ሊሠራ የወደደ ሰው ከ2 ወር አስቀድሞ፣ ከጎረቤቱ ሕንፃ 3 ሜትር ሳይርቅ ከመሠረቱ በታች ጠልቆ ሊቈፍር የወደደም ከ1 ወር አስቀድሞ በጽሑፍ ያስታውቃል፤ ጎረቤትየውም በ14 ቀን ውስጥ መልስ ባይሰጥ አልተስማማም ተብሎ ይቆጠርና፣ ሁለቱም ባንድ ባለሙያ ይስማማሉ፣ ያለዚያም እያንዳንዱ የየራሱን መርጦ ሥራው የሚከናወንበት ሁኔታ በውሳኔ ይጻፋል። እንግዲህ ዝም ያለው መብቱን አያጣም፤ በቂም የሚከለክለውም ሕግ የፈቀደውን ሥራ ፈጽሞ ሊያስቀር አይችልም። ሥርዐቱ ለባለሙያዎቹ ኪስ እጅግ የተመቸ መሆኑን ግን አልሸሽግም።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚበጀን፣ የቀኑ ቈጠራ ወይም የባለሙያው ሹመት ሳይሆን፣ ሥራው ሳይጀመር የጎረቤት ቤት ያለበት ሁኔታ ተመርምሮ የሚጻፍበት የእነዚያው አገር ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ። በቦሌ በኩልና በሌሎችም ሰፈሮች የሚገኘው መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሸማቀቃል፤ በላዩ የቆመውም ግድግዳ ማንም ሳይነካው ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ይሰነጠቃል። እንግዲህ በሚያዝያ መሠረት የቈፈረ ሰው በታኅሣሥ ተከሶ ሲቀርብ፣ ስንጥቁ የቁፋሮው ይሁን የአፈሩ፣ የዘንድሮ ይሁን የአምና፣ ማን ይመሰክራል? ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቂሙን ሊያበርዱት ይችላሉ፤ ግን ሽማግሌ በሽምግልናው የመሠረትን ጥልቀት ሊመረምር አይችልም፣ ካሳውም በልመናና በይሉኝታ መካከል ይወሰናል፤ ብዙውን ጊዜም የሚረታው ድምፁ ከፍ ያለው ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግን ሁለቱ ጎረቤቶች ከአንድ መሐንዲስ ጋራ ሆነው ክፍል ለክፍል ቢዞሩ፣ እያንዳንዱን ስንጥቅ በርዝመትና በስፋት ለክተው ቢጽፉ፣ ፎቶግራፍ አንሥተው ቀን ጽፈው ቢፈራረሙበት፣ ክርክሩ ከመወለዱ በፊት መልስ ባገኘ ነበር። በዚያው ወረቀት ላይ ቁፋሮው የሚጠልቅበት ልክ፣ ግድግዳው ውስጥ የሚገባው ፌሮ፣ ሠራተኞች የሚገቡበትና የሚወጡበት ሰዓት ይጻፍ። የአሸንዳው ውሃ የሚወርድበት ወገን ከሁሉ ይልቅ ሊረሳ አይገባውም፤ ከግንቡ ይልቅ ስለ ውሃው የተጣላ ጎረቤት ብዙ ነውና።

ወረቀት ባለበት መተማመን የለም፣ አብረን ቡና የጠጣን ሰዎች ምን ፊርማ ያሻናል የሚሉ ይኖራሉ፤ ቅሬታቸውም ከቅን ልቡና የሚመጣ ስለ ሆነ አልንቀውም። ቤት ግን ይሸጣል፣ ይወረሳል፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ግድግዳውን የሚካፈሉት ወራሾች ያንን ቡና አልጠጡትም፣ ስለ ግድግዳው የተባለውንም አልሰሙም።

ስለዚህ የወረዳው የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት በጋራ ግድግዳ ላይ የሚሠራ ቤት ፕላን በቀረበለት ጊዜ፣ የጎረቤቱን የፈቃድ ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን ይህን የተፈረመ መዝገብ አብሮ እንዲጠይቅ፣ ጎረቤትየው ለመፈረም እንቢ ቢል ደግሞ መሐንዲሱ ከውጭ ያየውን ጽፎ እንዲያስገባ ቢደረግ፣ አዲስ አዋጅ የሚያሻው አይመስለኝም፤ አንድ ገጽ ቅጽና አንድ ማኅተም ይበቃዋል።