አውቶቡሱ የማይቆምበት ጋይንት

መፀው በገባ ቁጥር፣ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው በአውሮፓ የሚማሩ ወጣቶቻችን ከሚያዘወትሯቸው ነገሮች አንዱ ቅዳሜና እሑድን በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ማሳለፍ ነው። ከተማዪቱ ፕራግ ወይም ክራኮው፣ አለዚያም ባዝል ልትሆን ትችላለች። የረገፈ ቢጫ ቅጠል የሸፈነው የድንጋይ ጎዳና፣ የካቴድራሉ ደወል ቤት፣ ወንዙና ድልድዩ በፎቶግራፍ ይነሡና አገር ቤት ላሉ ጓደኞች ይላካሉ። ተቀባዩም ፎቶግራፉን አይቶ «እነርሱስ ታድለዋል» ይላል። መታደላቸውን አልክድም። የሒሳብ ተማሪ ኦይለር የተወለደባትን ባዝልን በሁለት ቀን ዕረፍት አይቶ መመለሱ መልካም ነገር ነው። የምከራከረው ተቀባዩ ቀጥሎ «እኛ ዘንድ ምን አለ?» በሚለው ላይ ነው።

ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ላሊበላ የሚጓዝ የተማሪዎች አውቶቡስ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ይታጠፍና ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለውን ጎዳና ይይዛል። ደብረ ታቦርን ካለፈ በኋላ የጉና ተራራን ተጠግቶ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ከዚያም በጨጨሆ አድርጎ ወደ ጋሸና ያመራል። እኔ በተሳፈርኩባቸው እንዲህ ባሉ ጉዞዎች ሁሉ ተማሪው ከደብረ ታቦር በኋላ ይተኛል፤ የሚነቃው ላሊበላ ሲቃረብ ነው። ጋይንት የመተኛ ስፍራ ሆኖ ቀርቷል። ከዋናው ጎዳና ወደ ደቡብ የራቁት ስማዳና እስቴማ በጉዞ ዕቅድ ላይ ስማቸውም አይነሣ። በእኔ አስተያየት ይህ ለሳይንስ ተማሪ ትልቅ ኪሳራ ነው። ምክንያቴን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ።

በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ ማለትም በዚሁ በመፀው ወቅት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስጎትተው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉ የተሠራው በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ነበር። ከሠሪዎቹ መካከል ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን ጨምሮ በርካታዎቹ፣ ከላይ በጠቀስናት በባዝል አቅራቢያ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። እንግዲህ ያ ፎቶግራፍ የተነሣበት ከተማና ይህ የተተኛበት መንገድ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ተገናኝተዋል ማለት ነው። ንጉሡ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ሲለካ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ጉዞ ሲካፈል ለአንድ ቀን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይደርሰውም። በጨጨሆ ገደል፣ በቤት ሆር፣ በዥጣ ሸለቆ፣ በደላንታና በበሽሎ በኩል ለመድፉ የሚሆን መንገድ እየተቆፈረ ነበርና።

መድፉ 70 ኩንታል፣ ማለትም 7 ቶን ገደማ እንደሚመዝን ይነገራል። የአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ይህን ብቻ ይዞ ብዙ መጠየቅ ይችላል። የጋሪውን ክብደት ትተን 7,000 ኪሎ ግራም በ9.8 ብናበዛ ወደ 69,000 ኒውተን እናገኛለን። መንገዱ በየአሥር ሜትሩ አንድ ሜትር የሚወጣ ዳገት ቢሆን፣ መድፉን ወደ ታች የሚስበው ኀይል ወደ 6,900 ኒውተን ነው። አዲስ በተቆፈረ አፈር ላይ ጎማውን የሚይዘው ሰበቃ የክብደቱ አንድ አሥረኛ ነው ብለን እንገምት፤ ሌላ 6,900 ይጨመራል። አንድ ሰው ሳያቋርጥ በ200 ኒውተን ኀይል ይጎትታል ካልን 70 ያህል ሰው ይበቃል። ዳገቱ በአሥር ሜትር ሦስት ሜትር የሚወጣ ከሆነ ግን የሚያስፈልገው ሰው ወደ 130 ከፍ ይላል።

ሆኖም ታሪክ የሚነግረን ስለ ብዙ መቶ ሰዎች ነው። ስሌታችን ተሳስቶ ይሆን? ለዚህ ማክስ ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ በ1913 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሥራ ይረዳናል። ሰዎች ገመድ ሲጎትቱ ቁጥራቸው በጨመረ መጠን የእያንዳንዱ ድርሻ እንደሚቀንስ፣ ስምንት ሰዎች በአንድነት ሲስቡ የሚገኘው ኀይል የየብቻቸው ድምር ግማሽ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ሁሉም በአንድ ቅጽበት አይስብም፤ በጠመዝማዛ መንገድ ላይም የገመዱ አቅጣጫና የጋሪው አቅጣጫ ይለያያሉ። አዝማች እያወጣ ጓዱ የሚቀበለው የሥራ ዘፈን ከባህልነቱ ሌላ ጠቀሜታው ምን እንደሆነ እዚህ ላይ ይገባናል። በዚያ ላይ በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ጎታቹ የሚተነፍሰው ኦክስጂን በዚያው ልክ ያንሳል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ቁልቁለቱ ነው። በገመትነው ሰበቃ መሠረት ከአሥር አንድ በሆነ ቁልቁለት ላይ ጋሪው ወደ ታች የሚሳብበትና ሰበቃው የሚይዝበት ኀይል እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው፤ ሳይገፉት አይሄድም፣ ቢለቁትም አያመልጥም። ቁልቁለቱ ከአሥር ሦስት ሲሆን ግን በ13,000 ኒውተን ወደ ገደሉ ይከንፋል፤ ወደ ኋላ የሚይዘው ሌላ ጭፍራ ያስፈልጋል። ስለዚህ የመንገዱ ቅሪት በሚታይበት ስፍራ ተዳፋቱን መለካት ማለት የሠሪዎቹን ዕውቀት መለካት ነው። መሣሪያው የቀላል ቀላል ነው፦ የሂሳብ ማዕዘን መለኪያ፣ ክርና ጠጠር። የናፒየር ጦር ከቤት ሆር ወደ ዥጣ ሲወርድ የተጠቀመው ይህንኑ ንጉሡ ያሠሩትን መንገድ እንደነበር ስናስታውስ ጥያቄው የበለጠ ይከብዳል። መንገዱ በጥሩ ሁኔታ መሠራቱ ጠላትንም ጠቅሟል።

በነገራችን ላይ ይህን ጉዞ እንደ ጀብዱ ብቻ የሚተርኩልንን ሰዎች አልወዳቸውም። ሠራዊቱ የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነበር፤ ቤጌምድር ከዚያ ቀደም ብሎ ተዘርፎ ተራቁቷል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በእኛ ዘመንም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉ ወረዳዎች መሆናቸውን የማያውቅ ጎብኚ ተማሪ የመሬቱን ውበት ብቻ አይቶ ይመለሳል።

ጋይንት ተማሪን የለመደ አገር መሆኑንም ልብ እንበል። የቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ቤት ከመላ አገሪቱ የዜማ ተማሪዎችን ሲቀበል ኖሯል፤ ቤተልሔምና በእስቴ በኩል ያለችው ቆማ ለዜማ ስልቶች ስማቸውን ሰጥተዋል። ቶማስ ፓክነም የተባለ ከኦክስፎርድ የተመረቀ ወጣት በ1955 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ሲዘዋወር፣ በቤተልሔም በክብ የሣር ክዳን ቤት ውስጥ ተሸሽጎ የነበረውን ጥንታዊ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አይቶ ለውጭው ዓለም ጽፏል። የዜማ ተማሪዎቹ ግን ከእርሱ በፊት ለብዙ ዘመን በየዕለቱ ሲገቡበትና ሲወጡበት ኖረዋል።

ስለ ሁለቱ ቀናት አጠቃቀም ደግሞ ይህን እላለሁ። ቅዳሜ የጉና ነው። ተራራው ከ11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተፈጠረ፣ ቁመቱ ከ4,100 ሜትር የሚበልጥ የእሳተ ገሞራ ቅሪት ነው፤ አስታውንና ጅብራውን እያዩ ርብና ጉማራ ወደ ጣና የሚነሡበትን ስፍራ መመልከት ይቻላል። በጥቅምት ዝናቡ ቆሞ አየሩ ስለሚጠራ አርቆ ያሳያል። አውሮፓ ውስጥ የመፀው ምልክት የቅጠል መርገፍ ነው፤ ቀኑ ክፉኛ ያጥራልና። እዚህ ግን የቀኑ ርዝመት ብዙም አይለወጥም፤ ወቅቱን የሚለየው የዝናቡ መሄድ ስለሆነ ያው ወር የአደይ አበባና የገብስ ወር ነው። ማታ ነፋስ መውጫ ላይ ውኃ አፍልቶ በቴርሞሜትር መለካት ነው፤ ባሕር ዳር 94 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላው ውኃ እዚያ 90 ላይ ይፈላል። የጋይንት ባቄላ ንፍሮ ለምን እንደሚዘገይ መልሱ በድስቱ ውስጥ ነው። እሑድ ለጨጨሆ ይቀራል።

«በዚህ ጊዜ ስለ ጉዞ ይወራል ወይ?» የሚል ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ነፋስ መውጫና አካባቢዋ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የጦርነት አውድማ ሆነው ነዋሪው ብዙ መከራ አይቷል፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭትም መንገዶችን ዘግቷል። መንገዱ ሰላም ካልሆነ አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ ይዞ መውጣት ድፍረት ሳይሆን ግዴለሽነት ነው። ነገር ግን በየዩኒቨርሲቲው ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ የመጡ ተማሪዎች አሉ። እነርሱ ሲፈቀድና ሲቻል ወደዚያ የሚሄዱት ለጉብኝት ሳይሆን ወደ ወላጆቻቸው ቤት ነው። ለእነርሱ መለኪያ እንስጣቸው፤ ያገኙትንም በተማሩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጥፉት።

ለምሳሌ የስማዳ ተማሪ ከደጋው ጫፍ ተነሥቶ ወደ በሽሎ ቆላ ሲወርድ በየ200 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱን ቢመዘግብ፣ ገብሱ ቆሞ ማሽላው የሚጀምርበትንም ቢጽፍ፣ መጻሕፍት በ1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ የሚሉት ለውጥ በአገሩ ገደል ላይ በትክክል ይሠራ እንደሆነ ያውቃል። ያንን ሠንጠረዥ ይህ መጽሔት ቢያትመው ከባዝል ፎቶግራፍ ይልቅ ቀድሜ የማየው እርሱን ነው።