ሰው የዘጋውን በር እግዚአብሔር ዘጋው አንበል



በጸሎት ኅብረቶቻችን ደጋግመን የምንሰማው ነገር አለ። አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት ለሥራ ይወዳደራሉ፤ ፈተናውን ያልፋሉ፤ ቃለ መጠይቁም ይሳካል፤ ከዚያ “እንደውላለን” ተብለው ይቀራሉ። እኛም እጃችንን ትከሻቸው ላይ ጭነን “የጌታ ፈቃድ ባይሆን ነው፤ የተሻለ አዘጋጅቶልህ ነው” እንላለን። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን በሩን የዘጋው ስሙና ስልክ ቁጥሩ የሚታወቅ ሰው ነው። እሑድ ከእኛው ጋር አብሮ የሚዘምር ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ አለ።

ስለ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ልጆች ስንጽፍ ነገሩ ይበልጥ ይከብደናል። በደጋው ሥራ ጥቂት ነው፤ ሰው ደግሞ እርስ በርሱ ይተዋወቃል። መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ የሚሠራ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ደብረ ብርሃን የወጣ ማስታወቂያ አይቶ አመለከተ እንበል። ወይም ከዓለም ከተማ የጀማን በረሃ ተሻግራ አዲስ አበባ ለመቀጠር የምትሞክር ነርስ ትኑር። ቀጣሪው ማስረጃውን ካገላበጠ በኋላ “እዚያ ቤት የማውቀው ሰው አለ” ብሎ ይደውላል። የሚደውለው ብዙ ጊዜ ለአለቃው አይደለም፤ ከአመልካቹ አጠገብ ለሚቀመጠው ባልደረባ ነው። ባልደረባው እንዲህ ይላል፦ “ልጁ ጎበዝ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ብቻ… ገንዘብ ላይ ባታስቀምጡት ደስ ይለኛል።” ስልኩ ይዘጋል። አመልካቹ ምን እንደ ተባለበት አይሰማም፤ ስላልሰማም መልስ መስጠት አይችልም።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን መንዝ ውስጥ ተቀምጠው ካጠኑ በኋላ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን መጽሐፍ “ሰምና ወርቅ” ብለውታል። ቅኔያችን የምንኮራበት ሀብት ነው። የሰው እንጀራ ላይ ሲሆን ግን ያው ችሎታ መርዝ ይሆናል። ሰሙ “ጎበዝ ነው” ይላል፤ ወርቁ “አትቅጠረው” ይላል። ተናጋሪውም “እኔ እኮ አመስግኜዋለሁ” ብሎ እጁን ይታጠባል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ሹመትና እንጀራ ፈላጊ በመኳንንት ደጅ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ደጅ ይጠና ነበር፤ ወደ ጌታው ጆሮ የቀረበ አንድ ሰው በሹክሹክታ ልፋቱን ሁሉ ሊያፈርስበት ይችላል። ዛሬ ደጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሆኗል፣ ጆሮውም ስልክ።

ለምን ይደረጋል? ቅናት አንዱ ነው። ሌላው “እሱ ከሄደ ሥራው በእኔ ላይ ይወድቃል” የሚል ስሌት ነው፤ ይህን በግልጽ የሚናዘዝ አላየንም። ከቤተሰብ የወረደ የመሬት ቂምም አለ፤ አያቶች በድንበር ተካሰው የልጅ ልጅ በስልክ ይበቀላል።

እንግዲህ ስሙን እንጥራው። ይህ በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከር ነው፤ ስርቆትም ነው። በግ የሰረቀ አንድ በግ ወሰደ። የሰውን ቅጥር ያስቀረ ግን የዓመታት ደመወዝ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የእናት መድኃኒት ወሰደ። ጓሳን ያለ ጊዜው ያጨደ ሰው የሚቀጣበት ሥርዓት ለዘመናት በኖረበት አገር፣ የሰውን ስም ያጨደ ያለ ቅጣት መሄዱ ያስገርመናል።

የአገራችን ሕግም ቢሆን ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2044 ሰው በሕይወት ያለን ሌላ ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ ነገር ተናግሮ ወይም ጽፎ መልካም ስሙን፣ መታመኑን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ ቢጥል ጥፋት ነው ይላል። “የወደፊት ዕድል” የሚለውን ልብ በሉ፤ የሥራ ፍለጋ ከዚህ ሌላ ምን ነው? የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 613 ስም ማጥፋትን ይቀጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 24 ክብርንና መልካም ስምን ይጠብቃል። ካሳ የሚጠይቅ ሰው ግን ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው፤ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የሚቀርብ ክስም በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ስለዚህ “ጌታ ይፈርዳል” እያልን ዓመታት ስናስቆጥረው የወንድማችንን መብት እያስቃጠልንበት ሊሆን ይችላል።

አንዱ ደግሞ “የተናገርኩት እውነት ነው” ይለናል። ይህ መልስ የሚገባው ክርክር ነው። ቀጣሪ ጠይቆት፣ ሰውዬው ገንዘብ ማጉደሉን በማስረጃ የሚያውቅ ምስክር እውነቱን መናገር አለበት፤ ዝም ቢል ሌላውን ይበድላል። ሕጉም የተናገረው እውነት መሆኑን ያስረዳን ሰው፣ ለመጉዳት ብቻ አስቦ መናገሩ ካልተረጋገጠበት በቀር፣ ተጠያቂ አያደርገውም። ነገር ግን ኤዶማዊውን ዶይቅን አስታውሱ (1ኛ ሳሙኤል 22)። ካህኑ ለዳዊት እንጀራና ሰይፍ መስጠቱን ለሳኦል ነገረው፤ ሰጥቷል፣ እውነት ነው። ካህኑ ዳዊትን በንጉሡ ትእዛዝ የመጣ መስሎት እንደ ነበር ግን አልተናገረም። በዚያ በተቆረጠ እውነት 85 ካህናት ተገደሉ። ስለዚህ ምስክሩን የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ያልከውን ሰውዬው ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ቢሆን ትደግመው ነበር? በጽሑፍ አድርገህ ትፈርምበት ነበር?

ቀጣሪዎችም ከዚህ አያመልጡም። ዳዊት የሲባን ወሬ ብቻ ሰምቶ የሜምፊቦስቴን ርስት በአንድ ቃል ለከሳሹ ሰጠ፤ በኋላ ሌላውን ወገን ሲሰማ ፍርዱ ተምታታበት፣ እርሻውን ለሁለት ከፈለው። ቅጥር ኮሚቴ ላይ የተቀመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ስለ አመልካቹ ክፉ ከሰማችሁ ራሱን ጠርታችሁ ጠይቁት።

አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንናገር። በነዚህ አካባቢዎች ስልኩ ላይ የሚነገረው ቃል “ጴንጤ ነው” የሚል የሆነባቸው አማኞች አሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛን በሃይማኖቱ ምክንያት ማበላለጥን ይከለክላል፤ ይህን በድፍረት መናገር ይገባናል። ነገር ግን ከእኛው ወገን የሆነ የክፍል ኃላፊ “የጌታ ልጅ ይቅደም” ብሎ የተሻለችውን የኦርቶዶክስ አማኝ ሲጥላት የት ነበርን? በዚያ ቀን “አሜን” ያልን ሰዎች ዛሬ አዋጅ ብንጠቅስ ማን ይሰማናል?

ደግሞም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለውን እንይ። አገልጋይ ወደ ሌላ አጥቢያ ለመሄድ ሲጠይቅ የመሸኛ ደብዳቤውን ወራት የሚያስቀምጡበት መሪዎች አሉ። ደብዳቤውን ጽፈው ሲያበቁ በስልክ የሚሽሩትም አሉ። ይህን በስብከት መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ሐሜት ማስተማር አይሸፍነውም።

“አማኝ አማኝን አይክሰስ” የሚለው የዘወትር መልሳችን ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 በርግጥ ክሱን ተቃውሟል፤ ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ በወንድሞች መካከል መፍረድ የሚችል አንድ አስተዋይ እንኳ ከእናንተ ታጣን ብሎ አሳፍሯቸዋል። ሽማግሌዎቹ ሳይፈርዱ ተበዳዩን ብቻ ዝም ማሰኘት የጳውሎስን ቃል በግማሽ መጥቀስ ነው። ያው ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ሲደበደብ የሮማ ዜግነቱን ጠቅሷል፤ በቂሣርያም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል።

ተበድያለሁ የምትሉ ወገኖች፣ መጀመሪያ የሰማችሁትን አጣሩ። ቅጥር የሚቀርበት ሌላ ምክንያትም አለና በጥርጣሬ ብቻ ማንንም አትወንጅሉ። የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቁ። አዋጁ በሚመለከታቸው ድርጅቶች አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ በአንቀጽ 12 ተጥሎበታል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ በራሱ ሕግ ይጠይቅ። ከዚያ በማቴዎስ 18 ሥርዓት ሰውዬውን ብቻውን አነጋግሩት፣ ካልሰማ ሁለት ምስክር ይዛችሁ ተመለሱ፣ ካልሆነ ለሽማግሌዎች አቅርቡት። ሽማግሌዎች ካልሰሙ ወይም ሰውዬው ከማኅበራችን ውጭ ከሆነ ፍርድ ቤት መሄዳችሁን የእምነት ማነስ አንለውም።

ይህን የምታነብና ያን ስልክ ያነሣህ ወንድም፣ በጓዳ ንስሐ መግባትህ መልካም ነው፤ በርናባስ ግን ሌሎች የፈሩትን ሳውልን ይዞ ሐዋርያት ፊት ቀርቦ በአፉ መስክሮለታል። ዘኬዎስም ያጭበረበረውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው በሰው ሁሉ ፊት ነበር። አንተም የደወለልህን ሰው መልሰህ ደውልለት። “ስለ እገሌ የነገርኩህ ትክክል አልነበረም” በለው፤ ለምን እንዳልከውም ንገረው። ቅጥሩ ካለፈ በጽሑፍ አድርገህ ላክለት፤ ቀጣዩ ማስታወቂያ ሲወጣ ፋይሉ ውስጥ ይገኛል። አንዱን ቅጂ ለተበደለው ወንድምህ በእጁ ስጠው።