ለወደቀው ልጅ የሚሆን ምስክርነት አለን?

ጥር 2015 ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነበት ሳምንት በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ አንድ ወንበር ባዶ ሆነ። ወንበሩ ላይ ይቀመጥ የነበረው በአምልኮ ሰዓት ጊታር የሚመታልን ልጅ ነው። ከፈተናው በፊት ባደረግነው የጸሎት ፕሮግራም መካከላችን አቁመነው እጃችንን ጭነንበት ነበር። «አልፌያለሁ በል!» አልነው፤ «አልፌያለሁ» አለ። «አሜን በል!» አልነው፤ «አሜን» አለ። ከሁሉም በላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ የምከሰው ራሴን ነው።

ልጁ አላለፈም። በቀጣዩ እሑድ ያለፉትን ሁለት ልጆች መድረክ ላይ አውጥተን አስመሰከርን፤ እልል አልን። መመስከራቸው ተገቢ ነበር። ከሚደሰቱ ጋር መደሰት ታዘናል። ጥፋታችን እዚያ ላይ ማቆማችን ነው። ላላለፉት የተረፋቸው በር ላይ የሚወረወር ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ምን ሆንክ? በእምነትህ ተጠራጥረህ ነበር እንዴ?»

ወገኖቼ፣ ይህ ጥያቄ መንፈሳዊ ይምሰል እንጂ ከወንጌል የመጣ አይደለም።

እስቲ በቀላሉ እናስላው። በዚያ ዓመት ከ900,000 ገደማ ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው። ማለፍ የእምነት መለኪያ ከሆነ፣ ከመቶ ወጣት ዘጠና ሰባቱን እግዚአብሔር ትቷቸዋል ልንል ነው? ሳይጸልዩ ያለፉትስ በማን እምነት አለፉ? ይህን ጥያቄ የማይመልስ ትምህርት የተሸከመው ልጅ ሁለት ጊዜ ይወድቃል፤ አንዴ በፈተናው፣ አንዴ ደግሞ በእኛ ፊት።

ቃሉንም እንጠይቅ። ጳውሎስ በእስያ የደረሰበት መከራ ከአቅሙ በላይ ከብዶት በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ ቆርጦ እንደነበር ለቆሮንቶስ ሰዎች ሳያፍር ጻፈላቸው (2ኛ ቆሮ. 1፥8)። የሥጋው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መውጊያው ቀረ፣ የተሰጠው ግን ጸጋ ነው። ኤልያስ በቀርሜሎስ እሳት ካወረደ በኋላ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን ለመነ። መልአኩ መጥቶ «አሜን በል» አላለውም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፣ እንዲተኛ ተወው፣ ደግሞም ቀስቅሶ አበላው። መንገዱ እንደሚበዛበት የነገረው ከዚያ በኋላ ነው። መዝሙር 88ን አንብቡት። በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያልቃል፤ ሆኖም ከመጽሐፍ ቅዱስ አልወጣም። እግዚአብሔር በጸሎት መጽሐፉ ውስጥ ለለቅሶ ቦታ ከሰጠ፣ እኛ ከፕሮግራማችን ያስወጣነው በማን ሥልጣን ነው?

የራሳችን አባቶችና እናቶችስ? ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የሚወጡበት በር ተከፍቶላቸው ሳለ መንጋውን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 1971 ተወስደው ተገደሉ። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ተሠቃዩ፤ ለ10 ዓመት ገደማም ታሰሩ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ስትዘጋ ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿ ታሰሩ። ምእመናኑ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን እየተሰበሰቡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እየጸለዩ ቆዩ፤ ደርግ ሲወድቅ ቁጥራቸው በብዙ እጥፍ አድጎ ተገኘ። ዛሬ በእኛ መለኪያ ብንመዝናቸው ቄስ ጉዲናን «እምነት ጎደላቸው» ልንል ነው። እንዲህ ለማለት የሚደፍር ካለ ይነሣ!

«እንዲህ ከተባለማ ወጣቱ በእምነት መጸለይን ይተዋል፤ ጌታ ተራራን ስለሚያነሣ እምነት ተናግሮ የለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። አዎን፣ ተናግሯል። እኔም ለፈተናም ሆነ ለበሽታ በድፍረት እንድንጸልይ እፈልጋለሁ። ነገር ግን እግዚአብሔርን በድፍረት መለመን አንድ ነገር ነው፤ እርሱ ያልተናገረውን በስሙ መናገር ሌላ ነገር ነው። በኤርምያስ ዘመን ሰላም ሳይኖር ሰላም ነው ያሉት ነቢያት እምነታቸው በዝቶ አልነበረም። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለመነ፤ ፈቃዱን ለአባቱ አስገዛ። ጽዋው አላለፈም። ከዚያ ጸሎት የሚበልጥ እምነት ማን አለው?

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ በምስክርነት ሰዓት ላይ «ገና መልስ አላገኘሁም፤ ግን ጌታን አልተውኩም» ለሚል ሰው ማይክራፎኑን እንስጥ። ሁለተኛ፣ ውጤት የሚወጣበትን ሳምንት የጉብኝት ሳምንት እናድርገው። እንጀራ ይዘን እንሂድ፤ እንደ ኢዮብ ወዳጆች የመጀመሪያ ሰባት ቀናት ዝም ብለን መቀመጥ እንልመድ፤ እነርሱ የተሳሳቱት አፋቸውን ሲከፍቱ ነውና። ሦስተኛ፣ በመካከላችን ዩኒቨርሲቲ ገብተው የወጡ አሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሒሳብና ፊዚክስ ያስጠኑ። ሪሚዲያል የሚገባውን፣ እንደገና የሚፈተነውን፣ ቴክኒክና ሙያ የሚመዘገበውን እኩል ቆመን እንባርክ።

ያ ልጅ ቤት የሄድኩት ከሦስት ወር በኋላ ነው። እናቱ ቡና አፈሉ። እኔ ያዘጋጀሁት ጥቅስ ነበረኝ፤ ሳየው ግን አፌ ተያዘ። «ይቅርታ፤ ጌታ ያላለህን አልኩህ» ብቻ አልኩት። ብዙ ዝም ብሎ «እኔ እኮ የተጣላሁት ከጌታ ጋር አይደለም፤ እናንተን ማየት አፍሬ ነው» አለኝ።

ይህ ዐረፍተ ነገር እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሣኛል። ጌታን ያልሸሸ ልጅ እኛን ሸሸ። በሚቀጥለው እሑድ ወደ ኅብረታችሁ ስትገቡ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ባዶ ወንበር ካያችሁ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ ተነሥታችሁ ሂዱ።