ፕላዝማው ከሸፈ ተብሎ ተማሪው በጠመኔ ይቀጣ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ቁጥር አገር ይደነግጣል፤ በሳምንቱ ደግሞ አገር ይረሳል። በ2014 ዓ.ም ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ ናቸው ሲባል ሰማን። ሹማምንቱ «ኩረጃ ስለቀረ ነው» አሉ። ይሁን፣ ኩረጃው መቅረቱ ደግ ነው። ግን ከመቶ ላም ዘጠና ምናምኗ ወተት ከነሳች ጥፋቱ የላሞቹ ነው ወይስ የግጦሹ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ዛሬ ከግጦሹ አንዷን ጥግ ብቻ እንይ፤ የሒሳብ ክፍለ ጊዜን።

ውድ አንባቢ፣ አንተም ተምረህበታልና ታውቀዋለህ። መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ ሁለት መስመር ያሰምራል፤ አንዱን «ኤክስ» አንዱን «ዋይ» ይለዋል። ከዚያ አምስት ነጥብ ፈልጎ ያስቀምጥና በእጁ ያገናኛቸዋል። የቀኙ ጎን ሰፍቶ የግራው ጠብቦ ይወጣል። «እኩል እንደሆነ አድርጋችሁ ተመልከቱት» ይላል። ኋላ የተቀመጠው ልጅ የሚያየው የመምህሩን ጀርባ ነው። በ40 ደቂቃ ውስጥ አንድ ወይ ሁለት ግራፍ ይሳላል፣ ይገለበጣል፣ ደወል ይደወላል። ተማሪው ግራፍን እንደ ሥዕል ሸምድዶ ይወጣል። ዋናው ቁም ነገር ግን ቁጥሩ ሲለወጥ ቅርጹ እንዴት እንደሚለወጥ ማየት ነበር። ጠመኔ ደግሞ አንዴ ከጻፈ ጻፈ ነው፤ አይንቀሳቀስም።

ይህን ችግር የሚያቃልል መሣሪያ ከተሠራ ከ20 ዓመት በላይ ሆነው። ማርኩስ ሆሄንዋርተር የተባለ ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ2001 በሳልዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው «ጂኦጀብራ» የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ለመምህርና ለተማሪ በነፃ ይሰጣል። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በኮምፒዩተርም በተራ የእጅ ስልክም ይሄዳል።

እንዴት ነው የሚሠራው? መምህሩ «ዋይ እኩል ይሆናል ኤ ሲባዛ በኤክስ ስኩዌር» ብሎ ይጽፋል። ወዲያው ጎድጓዳ ሳህን የመሰለው ኩርባ ብቅ ይላል። ከጎኑ የ«ኤ»ን ዋጋ የምትገፋ ተንሸራታች ቁልፍ አለች። ቁልፏን ከ1 ወደ 5 ሲገፋት ሳህኑ ጠብቦ ብርጭቆ ይሆናል። ወደ 0.2 ሲመልሳት እንደ ሰፌድ ይዘረጋል። ዜሮ ላይ ስትደርስ ጉድጓዱ ጠፍቶ ቀጥ ያለ መስመር ይቀራል፤ ከዜሮ በታች ስትወርድ ሳህኑ ይደፋል። በጠመኔ ሁለት ሳምንት የሚፈጀው ነገር በሁለት ደቂቃ ዓይን ያየዋል።

ሌላ ልጨምር። አሁን «ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ቢ ሲባዛ በኤክስ» ይበልና የ«ቢ»ን ቁልፍ ይግፋ። ከመግፋቱ በፊት ግን «ሳህኑ ወዴት የሚሄድ ይመስላችኋል?» ብሎ ይጠይቅ። ብዙው ልጅ «ወደ ጎን» ይላል። ይሳሳታል! «ቢ» 2 ስትሆን የሳህኑ ሥር 1 ወደ ግራ 1 ወደ ታች ይሄዳል። 4 ስትሆን 2 ወደ ግራ 4 ወደ ታች፤ 6 ስትሆን 3 ወደ ግራ 9 ወደ ታች። 1፣ 4፣ 9! ቁጥር የሚወድ ልጅ ይህን ጊዜ ከመቀመጫው ይነሳል። ሥሩ የሄደበትን ዱካ ብትከተለው እሱ ራሱ የተደፋ ሳህን ነው። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ መምህሩ ጠመኔውን አንስቶ ማረጋገጫውን ይጻፍ። ጠመኔ ቦታው እዚያ ነው።

«ደግሞ ሌላ ፕላዝማ ልታመጡብን ነው?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አይፈረድበትም። በ1997 ዓ.ም ግድም በየሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይለቀቅ ነበር። መምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተወርውራለት በቀረው ጊዜ ጥግ ይዞ ይቆማል። ተማሪው አንዱን መስመር ገልብጦ ሳይጨርስ ስክሪኑ ሦስተኛው ላይ ይገኛል። እጅ ቢያወጣ የሚያየው የለም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አመለጠ ማለት ነው። ስንት ገንዘብ የፈሰሰበት ያ ሁሉ ዕቃ በመጨረሻ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ጥፋቱ የስክሪን ነበር? አልነበረም። ጥፋቱ መምህሩን ከወንበሩ ማስነሳቱ ነው። ፕላዝማ ይናገራል እንጂ አይሰማም። የግራፍ ሶፍትዌር ግን አይናገርም፤ የሚናገረው መምህሩ ነው፣ ቁልፏም በእሱ እጅ ነች። ተማሪ «ከዜሮ በታች ቢሆንስ?» ቢለው እዚያው ገፍቶ ያሳየዋል። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ማረሻንና ጎራዴን «ሁለቱም ብረት ናቸው» ብሎ እንደ ማመሳሰል ነው።

ይህን ስል ግን ስክሪኑ አይዋሽም ማለቴ አይደለም። ይዋሻል እንጂ! ከ10 በላይ በማያሳይ ስክሪን ላይ «ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 1000» ብትጽፍ ባዶ ሜዳ ያሳይሃል። ሞኙ ተማሪ «ግራፍ የለውም» ይላል፤ ግራፉ ግን ከላይ ተሰቅሎ ይስቅበታል። «ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 4»ን ለ«ኤክስ ሲቀነስ 2» ብታካፍልም ጥርት ያለ ቀጥታ መስመር ታያለህ። ኤክስ 2 ላይ ግን ዜሮ ለዜሮ ስለሚሆን መስመሩ ቀዳዳ አለው፤ ዓይን ቀዳዳውን አያየውም። ስለዚህ በእርሳስና በስኩዌር ወረቀት መሳል ያልተማረ ልጅ ላይ ሶፍትዌር መጫን በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ነው። መጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ ስክሪን፣ ከዚያ «ለምን?»። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ጨርሶታል። ኤስ ኤ ቲ የሚባለው የአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር «ዴስሞስ» የተባለው የግራፍ ማስያ እዚያው ፈተናው ውስጥ ተካቶ መጣ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የሚያድጉት የወገኖቻችን ልጆች የሚፈተኑት በዚህ ነው። በዚሁ ፈተና ስኮላርሺፕ የሚሞክረው የአዲስ አበባ ልጅ ግን ማስያውን መጀመሪያ የሚያየው ምናልባት የፈተናው ዕለት ይሆናል። እኛስ ብንሆን ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ከፊሉን ተማሪ በኮምፒዩተር መፈተን ጀምረን የለ? በኮምፒዩተር ለመፈተን የደረሰ ት/ቤት በኮምፒዩተር ለማስተማር ምን ያዘው?

«ገንዘብ የለም» እንዳትሉን። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የሚጠየቀው በአንድ ት/ቤት አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ነው፤ ብዙ ቦታ ደግሞ ዕቃው የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተቆልፎበታል። መብራት የሌለበት ት/ቤት መኖሩን አልረሳሁም፤ ለእሱ በቅድሚያ መብራት ይግባለት። ያለበት ግን ምን ይጠብቃል?

ትልቁ ወጪ መምህሩ ነው። ደመወዙ ወር የማያደርሰውን ሰው «ሶፍትዌር ተለማመድ» ማለት ይከብዳል። ቢሆንም የመምህራን ትምህርት ተቋማት ይህን በሥልጠናቸው ውስጥ ያስገቡት። የክረምት ሥልጠናም ስለ አበልና ስለ ምሳ ከሚሆን ቁልፏን ስለ መግፋት ይሁን። ሞባይል በር ላይ የሚወርሱ ት/ቤቶችም ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ ብቻ፣ በመምህሩ ፈቃድ፣ ለአራት ልጅ አንድ ስልክ ቢያስገቡ ሰማይ አይደፋም።

ፕላዝማውን የገዙት ሰዎች መምህሩን አልጠየቁትም ነበር። ዛሬም «ዲጂታል» የሚሉ ሹማምንት ዕቃ ከመግዛታቸው በፊት አንድ የ10ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ጠርተው «ምን ይጉደልብህ?» ይበሉት። መልሱ ከሚያስቡት በላይ ርካሽ ነው። ካልጠየቁት ግን የከርሞውንም ውጤት ሰምተን እንደነግጣለን፤ በሳምንቱም እንረሳለን።

ልብ ያለው ልብ ይበል!