ርካሹ ሽጉጥና ያልተጻፈው ዋጋው



አጎቴ በሰሜን ቨርጂኒያ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት የሚሆን አነስተኛ ሱቅ አላቸው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ዘራፊ የገንዘብ መሳቢያውን ካስከፈታቸው በኋላ በ280 ዶላር ሽጉጥ ገዙ። ቃታው ከበዳቸው፤ ሲስቡት እጃቸው እየተነቃነቀ ዒላማውን ይስቱ ነበር። ስለዚህ በ110 ዶላር ሌላ ቃታ፣ በ25 ዶላር ደግሞ ላላ ያሉ ሞላዎች አዝዘው፣ ቪዲዮ እየተመለከቱ ራሳቸው ቀየሩት። አብሬያቸው ወደ ተኩስ መለማመጃ በሄድኩበት ቀን ቃታው በእርግጥም ቀልሎ ነበር። ከ10 ጥይቶች ግን 2ቱ ሳይተኮሱ ቀሩ።

«ልጄ፣ የተማርሽው ኢኮኖሚክስ ይህን ምን ይለዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ያልሰጠኋቸው መልስ ነው።

ከአሠራሩ ልነሣ። በሽጉጥ ውስጥ አንዱ ሞላ መርፌውን ወደ ፊት ወርውሮ በጥይቱ ግርጌ ያለውን ማቀጣጠያ ያስመታል፤ ሌላው ቃታውን ወደ ቦታው ይመልሳል፤ አንዱ ደግሞ ሽጉጡ ቢወድቅ መርፌው እንዳይንቀሳቀስ የሚከለክለውን ማገጃ ይይዛል። ጣት የሚሰማው ክብደት ከእነዚህ ሥራዎች የሚመጣ ነው። ስለዚህ ሞላው ሲላላ የጣት ድካም ብቻ ሳይሆን መርፌው የሚመታበት ኃይልም ሊቀንስ ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ አጎቴ ትክክለኛነትን ሲሹ አስተማማኝነትን አጡ።

ፍላጎታቸው ግን ከንቱ አልነበረም። ከባድ ቃታ አፈሙዙን ከዒላማው ያዛባል፤ የሳተ ጥይት ደግሞ ጉዳቱ የሚወድቀው ከጉዳዩ ምንም በሌለው ሦስተኛ ወገን ላይ ነው። ሆኖም ክብደት ሁልጊዜ የርካሽነት ምልክት አይደለም። በማሳቹሴትስ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ደንብ አማካይ የአምስት ዓመት ሕፃን ሽጉጡን መተኮስ እንዳይችል የሚያደርግ ዘዴ ይጠይቃል፤ ከሚቀበላቸው መንገዶች አንዱም የቃታውን ክብደት ቢያንስ 10 ፓውንድ ማድረግ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ልጆች በሚቀመጡበት ሱቅ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። የአጎቴ ሽጉጥ እውነተኛ ዋጋ 280 ሳይሆን 415 ዶላር ሆነ። ለማሻሻያ የወጣው 135 ዶላር፣ 50 ጥይት የያዘው ፓኮ በ15 ዶላር ሒሳብ፣ 450 ጥይት ይገዛ ነበር። ቃታን መልመድ የሚገኘው በልምምድ ነው፤ ልምምድ ደግሞ የሽጉጡን አስተማማኝነት አይቀንስም።

ከገንዘቡ የሚበልጠው ግን የኃላፊነት ዝውውር ነው። ሽጉጡ ከፋብሪካ እንደወጣ ጉዳት ቢያደርስ ጥያቄው ለአምራቹ ይቀርባል። ባለቤቱ ውስጡን ከለወጠው በኋላ ግን አምራቹ «ጉዳቱ የመጣው ከለውጡ ነው» ብሎ የሚከራከርበት ሰፊ በር ይከፈትለታል። አጎቴ በ135 ዶላር የገዙት ቃታና ሞላ ብቻ አልነበረም፤ ሳያውቁት የራሳቸው የደኅንነት መሐንዲስ ሆነዋል።

ወደዚህ የገፋቸው የገበያው ሥርዓት ነው። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ስለ አሮጌ መኪኖች እንዳሳየው፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ ጥሩውና መጥፎው ዕቃ አይለይም። ሽጉጥ ከዚህ የባሰ ነው፤ የ1972ቱ የአሜሪካ የፍጆታ ዕቃዎች ደኅንነት ሕግ መሣሪያን ከሥልጣኑ ውጭ አድርጎታልና። ኮሚሽኑ የዳቦ መጥበሻን ከገበያ ማስወጣት ይችላል፤ እንከን ያለበትን ሽጉጥ ግን አይችልም። የብራዚሉ ታውረስ ዘጠኝ ዓይነት ሽጉጦች ሲወድቁ ሊተኩሱ ይችላሉ ተብሎ በተከሰሰ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ስምምነት ላይ የተደረሰው በገዢዎች ክስ እንጂ በተቆጣጣሪ ትእዛዝ አልነበረም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ካሊፎርኒያ አንድ የሽጉጥ ዓይነት በነጋዴዎች እጅ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት የመውደቅ ፈተና እንዲያልፍ፣ 600 ጥይት ሲተኮስበትም ከ6 በላይ እንከን እንዳያሳይ ትጠይቃለች። የአጎቴ ሽጉጥ ከ10 ጥይት 2 ጊዜ እንደከዳቸው አስታውሱ። የካሊፎርኒያ ዝርዝር ምርጫን ያጠብባል፣ ዋጋንም ያስወድዳል የሚለው ትችት ክብደት አለው። ስለዚህ ሌሎች ግዛቶች ሽያጭን ሳይከለክሉ ቢያንስ ሁለት ነገሮች በሳጥኑ ላይ እንዲጻፉ ማስገደድ ይችላሉ፦ የተለካው የቃታ ክብደትና የመውደቅ ፈተናው ውጤት። ኮንግረስም የ1972ቱን ክልከላ ሊያነሣ ይገባል። ሁለቱም እርምጃዎች የማንንም ሽጉጥ አይነጥቁም፤ ዋጋው ግን ሙሉ በሙሉ እንዲታይ ያደርጋሉ።

ከእኛ ወገን ብዙዎች በሌሊት ሱቅ፣ በነዳጅ ማደያና በመኪና ማቆሚያ የሚሠሩ ናቸው፤ ሽጉጥ የሚገዙትም በፍርሃትና በጠባብ በጀት ነው። ለምክር ቤት ተወካዮቻችን ስለ ቪዛና ስለ ግብር እንደምንጽፍ ሁሉ ስለዚህም መጻፍ አለብን። አጎቴ የፋብሪካውን ሞላና ቃታ በባለሙያ አስመልሰው፣ አሁን በወር አንድ ጊዜ ይለማመዳሉ። ቃታው ዛሬም ከባድ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ሳይተኮስ የቀረ ጥይት የለም።