ስለ ንብ አንቢውና ስለ ማር ገበያ

ማር በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሀብት ነው። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የማሩን ብዛት አይቶ በመጽሐፉ ጽፎ አልፏል። ዛሬም ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ የቀደመች መሆኗ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን የማሩ ብዛትና የንብ አንቢው ኑሮ እኩል አልተራመዱም። አሥር ወይም ሃያ ቀፎ ይዞ ቤተ ሰቡን በዚያ ለማስተዳደር የሚጥር ሰው በገበያ ቀን ማሩን ተሸክሞ ሲወርድ የሚያገኘው ዋጋ ከድካሙ ጋር የሚመጣጠን አይደለም። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ቢሆንም አንዱ ከሁሉ ይከፋል፤ ይኸውም ንጹሑና የተበረዘው፥ የበሰለውና ጥሬው፥ የተጣራውና ከነሰፈፉ የመጣው ማር ሁሉ ባንድ ሚዛን ተመዝኖ ባንድ ዋጋ መሸጡ ነው።

ገዢው አንድ ኪሎ ማር አንሥቶ «ተወደደ» ከማለቱ በፊት በዚያ ኪሎ ውስጥ የገባውን የዓመት ሥራ ቢያውቀው መልካም ነው። በደጋውና በወይና ደጋው አገር የንብ አንቢው ዓመት የሚጀምረው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ከዚያ አስቀድሞ አዲሱን ቀፎ ሠርቶ፥ ውስጡን በእበት ለቅልቆና አድርቆ፥ ሽታው ንብ እንዲጠራ በወይራ ጭስ አጥኖ ከዛፍ ላይ ይሰቅለዋል። በመስከረም አደይ አበባና መጭ ሜዳውን ሲያለብሱት ንቡ ይበረታል፤ ቀፎውም ሲጠበው አሮጌዪቱ ንግሥት የሠራዊቱን እኩሌታ ያህል ይዛ ትወጣለች። (የቀድሞ ሰዎች ይህችን ንብ አውራ ብለው እንደ ወንድ መጥራታቸው የሚያስገርም ነው፤ የቀፎው ንብ ሁሉ እናት እርሷ ናትና።) በዚያ ሰዓት ባለቤቱ ቤቱ ከሌለ ወይም ባዶ ቀፎ ካላዘጋጀ፥ የወጣው መንጋ የጎረቤት ወይም የጫካ ሲሳይ ይሆናል።

የየዕለቱ ሥራ ደግሞ ለሚያየው ሰው ሥራ አይመስልም። ጧት ፀሐይ ስትሞቅ ንብ አንቢው ከቀፎው አፍ ፈንጠር ብሎ ይቆማል። የሚገቡት ንቦች እግራቸው ላይ የአበባ ዱቄት ይዘው እንደ ሆነ፥ ደጃፉ ላይ የሞተ ንብ ወድቆ እንደ ሆነ፥ ድምፁም የሰላም ወይም የጭንቀት እንደ ሆነ ያስተውላል። የሰም ትል የገባበትን እንጀራ ቈርጦ ያወጣል፤ ሸረሪቱን ይጠርጋል፤ ውሃ በዝርግ ዕቃ አድርጎ ንቧ እንዳትሰጥም ጭራሮ ይጥልበታል። ማታ ደግሞ ጉንዳን እንዳይወጣ በቀፎው መቆሚያ ዙሪያ አመድ ይነሰንሳል፤ ይህን አንድ ሌሊት የረሳ ሰው ጧት የሚያገኘው ባዶ ቀፎ ሊሆን ይችላል። አበባ በሚጠፋበት በበጋው ወራት ንቡ ተርቦ እንዳይኮበልል ሹሮና በሶ፥ በውሃ የተበጠበጠ ስኳርም ያቀርብለታል። ታማኙ ንብ አንቢ አበባው ከመፈንዳቱ አስቀድሞ ስኳሩን ያቋርጣል፤ ለተራበ ንብ የተሰጠ ስኳር ሌላ ነው፥ ለገዢው በማር ስም የተሰጠ ስኳር ሌላ ነውና።

ኅዳር ሲደርስ ማር ይቈረጣል። ሥራው ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው። አንዱ ማጨሻውን ይይዛል፥ አንዱ ይቈርጣል፥ ሌላው ዕቃውን ይቀበላል። ጭሱ ሲበዛ የማሩን መዓዛ ያበላሻል፥ ሲያንስ ደግሞ ንቡ ይቈጣል። የንግዱ ዕውቀት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በዚህ ሰዓት ነው፤ ንቦቹ በሰም የከደኑት እንጀራ የበሰለ ነው፥ ያልተከደነው ገና ውሃ የበዛበት ጥሬ ነው። የውሃው መጠን ከመቶ 20 የሚያልፍ ማር እየዋለ እያደረ ይፈላል፥ ይኮመጥጣልም። ታጋሹ ሰው ያልተከደነውን ትቶ ለንቡም ስንቅ አስቀርቶ ይወርዳል። ችኩሉ ጥሬውን፥ ዕጩንና የአበባውን ዱቄት ባንድ ባልዲ ይጨምቀዋል፤ ባልዲውም ይከብድለታል። ከባህላዊው ቀፎ በዓመት የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ነው። እንጀራው በፍሬም የሚወጣና የሚገባ ዘመናዊ ቀፎ በዕውቀት ሲያዝ ከዚህ እጥፍና ከእጥፍም በላይ ይሰጣል፤ ዳሩ ግን ማጣሪያውና የሰም ማተሚያው ሳይኖር ቀፎው ብቻ የታደለበት ሰው ትርፉ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ታጋሹም ችኩሉም ባንድ ቀን ገበያ ይወርዳሉ። በዚያ የሚጠብቃቸው ሰብሳቢ ነጋዴ ነው፤ ነጋዴውም የሚገዛው ከሁሉ ይልቅ ለጠጅ ቤት ነው። በአገር ውስጥ ከሚገኘው ማር እኩሌታ የሚበልጠው ወደ ጠጅ ጋን ይገባል። ጠጅ ጣይዋ ማሩን በውሃ በጥብጣ ጌሾ ስለምትጨምርበት ሰፈፉ ተንሳፎ ይወጣል፥ ሰሙም ኋላ ለብቻው ይሸጣል፤ ስለዚህ የተጣራ ማር ፈልጋ ዋጋ የምትጨምርበት ምክንያት የላትም። ይህ ነውር አይደለም፥ የሥራው ጠባይ ነው። ነውሩ፥ ለጠጅ የተተመነው ዋጋ ለገበታ በተዘጋጀውም ማር ላይ መጫኑ ነው። ታጋሹ ሰው በባልዲው ክብደት ከጎረቤቱ አንሶ፥ በዋጋውም ሳይበልጥ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሚመጣው ዓመት እርሱም ጥሬውን ቢጨምቅ ማን ይፈርድበታል?

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ከገበያው ወዲያ ያለው ነው። በመንገድ ላይ ማሩ ከስኳር ሽሮፕ ጋር ይገናኛል። ሌላ ነገር እየጨመረ የሚያበዛውም አይጠፋም። ከተማ ሲደርስ አንዱ ባልዲ ሁለት ሆኗል፥ ዋጋውም ከእውነተኛው በጥቂቱ ዝቅ ይላል። ገዢው የሚጐዳ መሆኑ ግልጽ ነው። ዳሩ ግን ከገዢው ይልቅ የሚጐዳው፥ ዓመቱን ሙሉ ቀፎ ሲጠብቅ የከረመው ሰው ነው፤ የስኳር ዋጋ የማርን ዋጋ ወደ ታች እየጎተተ ከገበያ ያስወጣዋልና።

ገዢውም ራሱን ለመጠበቅ የያዘው መፈተኛ የሚያሳዝን ነው። ማር የነካ ክብሪት ከበራ ማሩ ንጹሕ ነው ይባላል፤ ይህ የሚያሳየው ቢበዛ የውሃውን ማነስ ነው እንጂ የስኳሩን አለመኖር አይደለም፥ ወፍራም ሽሮፕም ያልፈዋል። ጉንዳን እውነተኛ ማር አይነካም የሚልም አለ፤ ይህን የሚያምን ሰው አንድ ሌሊት ከንብ አንቢው ጋር ቀፎ ቢጠብቅ ሐሳቡን ይለውጣል። ከሁሉ የሚጐዳው ግን የረጋ ማር ሁሉ ስኳር የተቀላቀለበት ነው የሚለው እምነት ነው። ማር በተፈጥሮው ፍሩክቶስና ግሉኮስ የሚባሉ ሁለት የስኳር ዓይነቶች አሉበት፤ ግሉኮስ የበዛበት ማር ቶሎ ይረጋል፥ በ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ባለ ቅዝቃዜ ደግሞ ይልቁን ይፈጥናል። በትግራይና በላሊበላ አካባቢ የሚገኘው ስመ ጥሩው ነጭ ማር ረግቶ እንደ ቅቤ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ብዙ ሐቀኛ ንብ አንቢ በኅዳር የሸጠው ማር በጥር ረግቶ ሲገኝ «አታለልኸኝ» ተብሎ ደንበኛውን አጥቷል፤ በደንብ የተቀመመው ሽሮፕ ግን ሳይረጋ ከርሞ ተመስግኗል። የረጋውን ማር ለመመለስ ዕቃውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይበቃል፤ በእሳት ላይ ማፍላት መዓዛውንና ጠቃሚውን ነገር ያጠፋዋል።

የቀለምም ነገር እንዲሁ ነው። ከግራዋ አበባ የተገኘው ጠቆር ብሎ መረር ይላል፤ በከፋና በሸካ ጫካ ገተም ከሚባለው ዛፍ የሚገኘው ነጭ ነው። የቀለሙ ልዩነት የአበባው ነው እንጂ የንጽሕናው አይደለም።

በዚህ ላይ የእርሻው መድኃኒት አለ። አረም ማጥፊያውና ተባይ ማጥፊያው ለገበሬው ማስፈለጉን የሚክድ የለም፤ ዳሩ ግን አበባ ፈንድቶ ንብ በተሰማራበት በቀትር ሲረጭ፥ በማግሥቱ የቀፎው ደጃፍ በሞተ ንብ ይሸፈናል። ንቡ የሌላው ገበሬ ኑግና ባቄላ ፍሬ እንዲይዝ የሚረዳ መሆኑም ይረሳል። ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ ሲመሽ መርጨት፥ ለጎረቤትም ባለ ቀፎ ከዋዜማው መንገር ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ነው። የንብ ሀብትን ለማልማትና ለመጠበቅ አዋጅ ቍጥር 660/2002 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ የቀበሌው የግብርና ሠራተኛ ይህን ጉዳይ በእርጭት ወራት ካላነሣው ግን አዋጁ ለባለ ቀፎው ከወረቀት አያልፍለትም።

ስለ ገበያው መደረግ ያለበት ከባድ አይደለም። ንብ አንቢው የተከደነውን ካልተከደነው ለይቶ ይቍረጥ፤ ለገበታ ያሰበውንም አጣርቶ በሚታተም ንጹሕ ዕቃ አድርጎ የቈረጠበትን ወርና ቦታ ይጻፍበት። ከነጋዴው ጋር ብቻውን ከሚከራከር ይልቅ ከመሰሎቹ ጋር በማኅበር ቢሸጥ ይሻላል። በጓሮ የሚቀመጠው ቀፎ ከመጣ ወዲህ፥ ዛፍ መውጣት የወንድ ሥራ ተብሎ ከዚህ ንግድ ርቀው የነበሩት ሴቶች መግባት ጀምረዋል፤ ማኅበሩም እነርሱን ሊያስቀር አይገባውም። ነጋዴው ለጠጅና ለገበታ ሁለት ዋጋ ያውጣ። የማርን ውሃ የሚለካው ሪፍራክቶሜትር የሚባለው መሣሪያ በእጅ የሚያዝ ነው፥ የሚፈልገውም አንድ ጠብታ ነው፤ እርሱ የበሰለውን ከጥሬው ይለያል። ስኳር የተቀላቀለበትን የሚለየው ግን ቤተ ሙከራ ብቻ ስለ ሆነ፥ ገበያ የሚቈጣጠሩት ባለሥልጣኖች ከየመደብሩ ናሙና ወስደው አስመርምረው የተበረዘውን በስሙ ለሕዝብ ማስታወቅ ይጠበቅባቸዋል። ይህም የኅዳሩ ማር ከቀፎ ሳይወርድ በፊት ቢሰናዳ ነው የሚጠቅመው፤ ማሩ ከተሸጠ በኋላ የሚመጣ መርማሪ የሚያገኘው ባዶ ባልዲ ነው።