ቤት የሌለው ምን ያስይዝ?

ባሕር ዳር ውስጥ ሱቅዎን ለማስፋት ባንክ ሄደው ያውቃሉ? የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «የቤት ካርታ አለዎት?» የሚል ነው። ካርታው በአባት ወይም በባል ስም ከሆነ፣ ወይም የሚኖሩት በኪራይ ከሆነ፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት ሠርተው የሚያድሩ እናቶች ናቸው።

የብሔራዊ ባንክ ገዥ የነበሩትን ዶ/ር ይናገር ደሴን ብዙዎቻችን የምናስታውሳቸው በመስከረም 2013 ዓ.ም. በተደረገው የብር ኖት ለውጥ ነው። ባለ 200 ብር ኖት የመጣውም ያኔ ነው። ከብሔራዊ ፕላን ኮሚሽን መጥተው ከ2010 እስከ 2015 ዓ.ም. በመሩት ባንክ ግን ብዙም ያልተወራላቸው፣ ለጓዳችን የቀረቡ ለውጦችም ነበሩ።

አንዱ በ2012 ዓ.ም. የቀረው የ27 በመቶ ግዴታ ነው። ቀድሞ አንድ የግል ባንክ 100 ብር ሲያበድር፣ በ27 ብር ደግሞ የብሔራዊ ባንክን ሰነድ በአነስተኛ ወለድ መግዛት ነበረበት። ያ ገንዘብ ለሌላ ተበዳሪ ሊደርስ ይችል ነበር። አነስተኛ የብድር ተቋማትም ወደ ባንክ እንዲያድጉ የተፈቀደው በዚያው ዘመን ነው፤ መቀመጫውን ባሕር ዳር ያደረገው አብቁተ ፀደይ ባንክ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ለእርስዎ ከሁሉም የሚጠቅመው ግን የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ነው። በአዋጁ መሠረት ከብት፣ የእርሻ ምርት፣ የስፌት መኪና፣ የሱቅ ዕቃ ለብድር መያዣ መሆን ይችላል። የፎገራ ሩዝ፣ የዘጌ ቡናም እንዲሁ። መያዣው በብሔራዊ ባንክ መዝገብ ስለሚሰፍር፣ አንዱን ንብረት በድብቅ ለሁለት አበዳሪ ማስያዝ ያስቸግራል።

አዋጅ ወጣ ማለት ግን የባንክ ባለሙያው እሺ አለ ማለት አይደለም። ቤት አይሞትም፣ በሬ ግን ይሞታል፤ የባንኩ ስጋት እውነት አለው። ስለዚህ ሲሄዱ የገቢና የወጪ መዝገብዎን፣ የዕቃዎን ደረሰኝ ይያዙ። የከብት ወይም የሰብል መድን ካለ ይጠይቁ። አንድ ቅርንጫፍ እምቢ ቢልዎት ሌላውን ይሞክሩ።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ ብድሩ ካልተከፈለ መያዣው ይሄዳል። እንጀራዎ በአንዲት የስፌት መኪና ላይ ከሆነ፣ እሷን ከማስያዝዎ በፊት ከትዳር አጋርዎ ጋር ቁጭ ብለው ይምከሩ። «በሁለት መኪና ስንት እሰፋለሁ? በወር ስንት እከፍላለሁ?» ብለው በወረቀት ያስሉ። ሒሳቡ ከወጣ፣ ካርታ የለኝም ብለው አይቅሩ።